አህዪትና አዲሶቹ ፉርጎዎች

አንድ ጊዜ የእንስሳት አገር ከደጋ እስከ ቆላ የሚወርድ ባቡር ነበራት፤ ፉርጎዎቹ ግን አርጅተው አልቀው ነበር። ጣሪያቸው ያፈሳል፣ በራቸው በገመድ ይታሰራል፣ ፍየሎች በወለሉ ቀዳዳ ሐዲዱን እያዩ ይሄዳሉ። የምትጠግናቸው ቀበሮ ናት። ለአንድ ጥገና አንድ ዶሮ ትቀበላለች፤ ያጠበቀችው በሳምንቱ ይላላል፣ በሳምንቱም ሌላ ዶሮ ይመጣላታል። እንዲህ ያለ ሥራ ማን ይጠላል?

የባቡሩ ፍሬን ያዥ አህዪት ነበረች። በየጣቢያው ወርዳ መንኮራኩሮቹን አንድ በአንድ በኮቴዋ ታንኳኳለች፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ባለፈው ክረምት ድምፃቸው የታፈነ ሦስት መንኮራኩሮች አግኝታ ብትናገር፣ ቀበሮ «በሽቦ አስሬያቸዋለሁ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለቻት። በዚያው ቀን ዋንዛ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አልይዝ አለ። የመጨረሻው ፉርጎ ከጠመዝማዛው ወጥቶ ተገለበጠ፣ ውስጡ የነበረችው የአህዪት ታላቅ እህትም እግሯ ተሰበረ። ያነከሰች አህያ ጅብ ባለበት አገር ብዙ አትቆይም፤ እሷም አልቆየችም።

አህዪት አልቅሳ ስታበቃ እንባዋን ጠርጋ አንበሳ ዘንድ ሄደች። አንድ ቀን አባረሯት፣ በማግስቱ ተመለሰች። ዓመቱን ሙሉ ደጅ ጠናች። በመጨረሻ አንበሳ ሰለቸውና ስድስት አዲስ ፉርጎዎች ከሩቅ አገር አዘዘ። የመጡት ዝናቡ ሊጀምር አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ እያብረቀረቁ፣ መስኮታቸው ሳይሰነጠቅ፣ ወንበራቸው ለስላሳ ሆኖ።

«ቅዳሜ ገበያተኛውን ይዘው ይውረዱ» አለ አንበሳ። «በደህና ከወረዱ አሮጌዎቹ ይፈርሳሉ። ቅዳሜ ካልሄዱ ግን ወደ ሠሪዎቻቸው ይመለሱ፤ ቆሞ የሚያብረቀርቅ ነገር አልቀልብም። እስከዚያው አያ ጅቦ ይጠብቃቸው።»

ጅብ የተመረጠው ማንም ስለማይደፍረው ነው። ወንበሮቹ ከምን እንደተሠሩ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ቀበሮ ጅራቷን እያወዛወዘች ብቅ አለች።

«አያ ጅቦ፣ እንደምን ዋሉ? ለመሆኑ የሚጠብቁት ምን እንደሆነ ነግረውዎታል?»

«ፉርጎ ነዋ።»

«ፉርጎው ውጪው ነው። ውስጡ እኮ ቁርበት ነው፤ ወንበሩ ሁሉ የበሬ ቁርበት የለበሰ።»

የጅብ አፍንጫ ተንቀሳቀሰ። «እኔም አንድ ነገር ሸትቶኝ ነበር» አለ። «ግን እንዳይነካ ተብያለሁ፣ እመት ቀበሮ።»

«የአንዱን ወንበር ጠርዝ ብቻ ቢቀምሱ ማን ያውቃል? ብቻ አንዱ ከሌላው አንሶ እንዳያሳብቅብዎ ሁሉንም እኩል ያድርጓቸው» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ጅብ የአንዱን ወንበር ጠርዝ ቀመሰ። እውነትም አንሶ ታየ። እንዲስተካከል የሁለተኛውን ጠርዝ በላ፣ ትንሽ አበዛና የመጀመሪያው በለጠ። እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። እንዲህ እያስተካከለ ስድስቱን ፉርጎ ጨረሰ። ባዶ ብረት ብቻ ሲቀር ግራ ቀኝ አየና «አሁን እኩል ሆኑ» ብሎ ተኛ።

ዓርብ ጠዋት አህዪት መንኮራኩር ልታንኳኳ ስትመጣ በመስኮት ባዶውን ብረት አየች። በሩ ላይ ሆዱ ተነፍቶ የተጋደመው ጅብ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ምስጥ ነው የበላው» አላት።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ አህዪት ደግሞ ባልም አልነበራት። ፈራች። ያም ሆኖ ዞራ አልሄደችም። በጅቡ ራስጌ በኩል አልፋ ሥራዋን ጀመረች። ሁሉንም አንኳኳች፤ ሁሉም ጥርት ብለው ጮኹ። ፍሬኑን ያዘች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ያዘች።

«ወንበሩ ተበላ እንጂ ፍሬኑ አልተበላም» አለች ለራሷ። «ነገ ይወርዳሉ።»

ቅዳሜ ገበያተኛው ጣቢያውን ሞላው። አንበሳም መጥቶ ባዶውን ብረት ሲያይ ጋማው ቆመ። ቀበሮ ሽቦና ገመድ በትከሻዋ ይዛ ፈጥና ከፊቱ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ወንበር የሌለው ባቡር ምን ባቡር ይባላል? የአሮጌዎቹ ጣውላ ቢሻክርም ያስቀምጣል። እኔ አጠባብቄያቸዋለሁ። የለመዱት ይሻላል።»

አንበሳ ፍሬን ያዧን ፈለጋት። አህዪት ግን ለመልስ አልቆመችም። ጭነት ሲጫንባት ከጀርባዋ የሚደረገውን ድሪቶ አውልቃ አዲሱ ፉርጎ ውስጥ ገባችና ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

«ጌታዬ፣ ቁልቁለቱን የሚያወርደን ፍሬን ነው፣ ወንበር አይደለም» አለች ከበሩ ላይ ሆና። «እኔ በዚህ እወርዳለሁ። እመት ቀበሮ አሮጌው ደህና ነው ካለች፣ እሷ በአሮጌው ትውረድ። ታች ገበያው ላይ እንገናኛለን።»

ሁሉም ቀበሮን አዩ። ቀበሮ ራሷ የቋጠረችውን ገመድ አየች።

«እኔ እንኳ… ዛሬ ገበያ የለኝም» አለች።

«በሚቀጥለው ቅዳሜስ?» አላት አንበሳ።

«ያን ጊዜም እንጃ።»

«እስከ ዛሬ እኛን በአሮጌው ስታሳፍሪ፣ በዚህ አገር ገበያ የነበረን እኛ ብቻ ነን ማለት ነው?»

ቀበሮ ሽቦና ገመዱን ከትከሻዋ አወረደች። ጅብ ግን ወደ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች አሸተተና «የአሮጌውስ ወንበር ከምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን ወደ ሆዱ ሄደ። አንበሳም ሁለቱን «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትሉ፣ ስመለስ እንነጋገራለን» አላቸው።

መጀመሪያ የገቡት በጎቹ ናቸው፤ ተጠጋግተው ወለሉ ላይ ተኙ። ፍየሎቹ ጭድ ተሸክመው መጡና አነጠፉ። በመጨረሻ አንበሳ ራሱ ገብቶ ከበጎቹ ጎን ቁጭ አለ። በጎቹ ትንሽ ጠበባቸው፣ ሆኖም ማንም አልወረደም።

ባቡሩ ተነሣ። ዋንዛ ቁልቁለት ሲደርስ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄደ፣ አንዲት በግ ዓይኗን ጨፈነች። ያ ጠመዝማዛ ብቅ አለ። አህዪት ፍሬኑን በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው።

ባቡሩ ቆመ። ከቁልቁለቱ ሁሉ ይበልጥ የሚያዘቀዝቀው ቦታ ላይ፣ ሳይንሸራተት ቆመ።

«ለምን አቆምሽን?» አለ አንበሳ። «ጣቢያው ገና ነው።»

አህዪት በመስኮቱ ወደ ገደሉ እያየች ነበር። «ያን ቀንም እዚህ ቆሞ ቢሆን እህቴ ትኖር ነበር» አለች።

አንበሳ አንገቱን ደፋ። እሷም ወርዳ መንኮራኩሮቹን አንድ በአንድ አንኳኳች፣ ተመልሳም ፍሬኑን ለቀቀች።

ከዚህ የምንማረው፣ «አሮጌው ይበቃችኋል» የሚለንን ከማመናችን በፊት እሱ ራሱ ይሳፈርበት እንደሆነ መጠየቅ እንዳለብን ነው።