የጠዋቷ ካርታ

አንድ ካርታ ተጫዋች ነበር፤ ስሙ አስረስ ይባላል። በሚኖርባት የባቡር ከተማ በየዓመቱ የፖከር ውድድር ይደረግ ነበርና የውድድሩ ወር በቀረበ ቁጥር ሌላ ወሬ አልነበረውም። የውድድሩ ደንብ ቀላል ነው። በገንዘብ ፈንታ የሚወራረዱበት ጠጠር ለሁሉም እኩል ይታደላል፤ ጠጠሩ ያለቀበት ከጠረጴዛው ይነሣል፤ መጨረሻ ላይ ብቻውን የቀረው የብር ዋንጫውን ይወስዳል። አስረስ ትዕግሥተኛ ተጫዋች ነበር። ክፉ ካርታ ሲደርሰው ይጥላል፣ ደህና ሲደርሰው አድፍጦ ይጠብቃል፣ የሰው ፊት ያነባል። ይህን ሁሉ እያወቀበት ዋንጫውን አንድም ጊዜ በእጁ አልነካውም።

አንድ ዓመት ግን ለፍጻሜ ደረሰ። ከፊቱ የቀረው ሽብሩ ነው፤ አብሮ አደጉ፣ የበኩር ልጁ ክርስትና አባት። አስረስ በእጁ ሁለት ንጉሥ ይዟል፤ ጠረጴዛው ላይ ለሁለቱም በጋራ ከተገለጡት ካርታዎች ሦስተኛ ንጉሥ ወጣለት። ሽብሩም ሦስት ሰባት ሞልቶለታል፤ ከሦስት ንጉሥ ግን ያንሳል። ሁለቱም ያላቸውን ጠጠር ሁሉ ወደ መሃል ገፉና ካርታቸውን ገለጡ። ሊገለጥ የቀረችው አንዲት ካርታ ብቻ ነበረች። ሽብሩን ከመሸነፍ የምታድነው አራተኛዋ ሰባት ብቻ ስለሆነች፣ እሱ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ወዳጁን ሊጨብጥ ከወንበሩ ብድግ ብሏል። ካርታዋ ተገለጠች። ሰባት ነበረች።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ሽብሩ አፍሮ፣ “አስረሴ፣ ምን ልበልህ? ዋንጫውስ የሚገባው ለአንተ ነበር” አለው። አስረስ ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ የሰባቷን ነገር ለሰው ሁሉ ይናገር ጀመር። ለፀጉር አስተካካዩ ተናገረ፣ ለንስሐ አባቱ ተናገረ፣ ውሃ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣው ሰው ሳይቀር ተናገረ። ሰዎች መጀመሪያ ከንፈር መጠጡለት፤ ኋላ ከሩቅ ሲያዩት መንገድ መቀየር ጀመሩ። ሽብሩንማ ሰላምታም ነሣው። “ዕድሌን የወሰደብኝ እሱ ነው” ይል ነበር። ሽብሩ ሽማግሌ ቢልክበት ሽማግሌዎቹን አሳፍሮ መለሳቸው።

ክረምቱ ሲገባ የሽብሩ እናት እማማ ዘርፌ ሞቱ። አስረስን በልጅነቱ ከሽብሩ ጋር ከአንድ ገበታ ያበሉት እሳቸው ናቸው። ሚስቱ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ “ተነሣ እንጂ፤ ቀብሩ ሊደርስ ነው” አለችው።

“ወደ ሽብሩ ቤት እግሬ አይነሣም።”

“የሞቱት እኮ እማማ ዘርፌ ናቸው!”

ከተማው ውስጥ ተቀምጦ መቅረቱ ግን እሱንም አሳፍሮታል። ስለዚህ አስቸኳይ ጉዳይ አለብኝ ብሎ ወደ ጎረቤት ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ።

ከጎኑ አንድ ጸጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ተቀምጧል። ገና የከተማውን ዳርቻ ሳያልፉ አስረስ የሰባቷን ታሪክ ጀመረለት። ሰውየው ሳያቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማው።

“እኔም በዚያ ውድድር ነበርኩ” አለ ሰውየው። “ብዙ መንገድ ተጉዤ ነበር የመጣሁት። የወጣሁት ግን ገና በጠዋቱ ነው።”

“ምን ደረሰብህ?”

“ከካርታ ሁሉ የሚበልጠውን አስ ሁለት ይዤ ነበር፤ ባላጋራዬ ሁለት ዘጠኝ። ጠጠራችንን ሁሉ ገፋን። የያዝኩትን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። የመጨረሻዋ ካርታ ዘጠኝ ሆነችና እሱ ዳነ፣ እኔ ወጣሁ።”

አስረስ ሐዘኑን የሚረዳለት ወንድም ያገኘ መሰለው። “አየህ፣ እኔና አንተ አንድ ነን! ለመሆኑ ያ ዕድለኛ ማን ነበር?”

“አንተ ነህ” አለው ሰውየው።

አስረስ ዘጠኟን አስታወሳት። ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ መሳቁን፣ ምሳ ሰዓት ላይም ለሽብሩ “ጠዋት አንዱን በብልሃት ሸኘሁት” ማለቱን አስታወሰ። የተሸኘውን ሰው ፊት ግን ያን ጊዜ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም ነበር።

“ታዲያ አልጠላኸኝም?” አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ያን ቀን ጠልቼሃለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? ኋላ ሳስበው ግን አንተ ምንም አላደረግከኝም። ዘጠኟን ጠርተህ አላመጣሃት። እኔም መጫወት ያለብኝን ያህል ተጫውቻለሁ፤ የቀረው የእኔ ድርሻ አልነበረም።” ሰውየው ወደ እሱ ዞሮ፣ “ወዳጅህስ ምን አደረገህ?” ሲል ጠየቀው።

አስረስ በመስኮቱ ዝናቡን አየ። ከዚያ በድንገት ተነሣና፣ “ወራጅ አለ!” ብሎ ጮኸ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ “ስምህን ማን ልበል?” አለው።

“ተማም።”

“ተማም፣ ይቅር በለኝ” አለና ወረደ።

የጭነት መኪና ለምኖ ተሳፍሮ፣ ጨቅይቶና በስብሶ ሲመለስ ቀብሩ አልፎ ለቀስተኛው ድንኳን ገብቷል። አስረስ በሰው መሃል አልፎ ሽብሩ ፊት ቆመ።

“እማማን ሳልቀብራቸው ቀረሁ” አለ።

ሽብሩ ቀና ብሎ አየው። “አዎ፣ ቀርተሃል” አለው። ከዚያም በተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። አስረስ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ቀብሩ ግን አንዴ አምልጦታል፤ ያን መልሶ የሚሰጠው አልነበረም።

ሰው የጣለችውን ካርታ ዕድሜ ልኩን ያወራታል፤ ያነሣችውን ግን ችሎታዬ ናት ብሎ ይረሳታል። ዕድል የማንም ወዳጅ፣ የማንም ጠላት አይደለችም። ፊት የላትምና እኛ የምናውቀውን ሰው ፊት እንለጥፍባትና እሱን እንጠላለን። አንባቢ ሆይ፣ ያኮረፍከው ያ ሰው በእርግጥ በድሎሃል? ወይስ ያኮረፍከው ካርታዋ ለእሱ ስለወጣች ብቻ ነው?