ባዶው የቀንበር ወገን

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን በእሱ ልመልስልህ፣ ደምሰው። «አባዬ፣ የሸመንኩትን ባና ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ፤ ሰው እንዲያገኘው ብዬ ከሥሩ ያገኘሁትን ሃሽታግ ሁሉ እደረድራለሁ። ብዙ ሰው ያያል፣ የሚገዛ ግን የለም። እንዲህ ከቀጠለ ሽመናውን ልተወው ነው» ብለኸኛል።

ሰውየው ገበሬ ነበር። ወገቡ ደክሞ ማረስ አቃተው። ቡሬ የሚባል አንድ በሬ ቀርቶት ነበር፤ አብሮት የሚጠመደው ሞቶበት ብቻውን የቀረ፣ በቀንበሩ ግራ በኩል መሄድ ብቻ የለመደ በሬ። ሊሸጠው ፈለገ። ግን ለአራሽ እንጂ ለቢላዋ እንዳይሆን ሰጋ።

የዱሮው ገበያ ዛሬ ሱቅ ተሠርቶበታል። ያኔ ሜዳ ነበር፤ ሁሉም የየራሱ ተራ ነበረው። የእርሻ በሬ ከዋርካው ሥር፣ ሰንጋ ከወንዙ ዳር፣ በቅሎ ከላይ። ያ የአቧራና የከብት ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልወጣም።

ሰውየው «ብዙ ዓይን ቢያየው ይሻላል» ብሎ ቡሬን በየተራው ጎተተው። ሰንጋ ተራ አንድ ባለ ልኳንዳ ጎኑን ዳሰሰና፣ «ጋሼ፣ ይኼ የጎድን አጥንት ነው ወይስ አጥር?» አለው። በቅሎ ተራ ደግሞ «ኮርቻውስ?» ብለው ሳቁበት። ዋርካው ሥር ሲደርስ አራሾቹ ገዝተው ሄደዋል። ባለ ልኳንዳው ተከትሎት መጣ።

«እንግዲህ ለኔው ነው» አለው።

ሰውየው በሬውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ገበያ ማልዶ ዋርካው ሥር ቆመ። ከቤቱ ያመጣውን ቀንበር በቡሬ ጫንቃ ላይ አኖረ። ባዶውን የቀኝ ወገን በገዛ ትከሻው ደግፎ ያዘው። ብዙው ሰው ዝም ብሎ አለፈ። ቀኝ በሬው ያለ ጓደኛ የቀረበት አንድ አራሽ ግን ባዶውን ወገን አይቶ ቆመ።

«ግራ ሂያጅ ነው?»

«ግራ ነው።»

በዋጋ ብዙ አልተከራከሩም። ክረምት ሲገባ ሰውየው ደጁ ላይ ተቀምጦ ቡሬ ማዶ ሲያርስ ያይ ነበር።

ደምሰው፣ ሃሽታግ እኔ እንደገባኝ የገበያ ተራ ነው። አንተ ባናህን በኳሱም በዘፈኑም በሠርጉም ተራ ጎትተኸዋል። ያዩሃል፣ ያልፋሉ። ባና ነው በል፤ የበግ ፀጉር ነው በል፤ ለብርድ ነው በል። ይበቃል። የበረደው ሰው ያንኑ ተራ እየዞረ ነው። ቀንበርህን ይዘህ እዚያ ቁምለት።