መስታወቱን የሚጠብቀው አባወራ

ተረት ተረት ብዬ ልጀምር፤ እናንተም «እሺ፣ ንገሪን» በሉኝ።

በአንድ ቤት፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ድንክዬ ዓሦች፣ ባልና ሚስት፣ ይኖሩ ነበር። ሚስቲቱ በተሰበረ ማሰሮ ውስጥ እንቁላል ጥላ፣ በክንፏ ውሃውን እያራገበች ትጠብቃለች። ጀግናው ባሏ ደግሞ በመስታወቱ ላይ የገዛ መልኩን ሲያይ ሌላ ወንድ የመጣበት ይመስለውና ቀኑን ሙሉ ሲፋለም ይውላል።

«አንቺ፣ እንቁላሎቹን አደራ! ይሄ ደፋር አልሄድ አለኝ!» ይላል ከሩቅ።

«በርታ የኔ ጌታ» ትለዋለች።

ወሬ የምትወደው ቀንድ አውጣ ሳቋ መጣ። «እህቴ፣ የሚጣላው ከራሱ ጋር መሆኑን ለምን አትነግሪውም?»

«ኧረ ዝም በይ፣ በማርያም!» አለች ሚስቲቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባለፈው መስታወቱ አረንጓዴ እድፍ ለብሶ፣ መልኩ አልታይ ብሎት ጠላቱ የጠፋበት ጊዜ ‹ላግዝሽ› ብሎ ቤት መጣና፣ ዞር ስል እንቁላሎቼን አንድ ሳያስቀር በላቸው። ይልቅ ያንን መስታወት ጥርት አድርገሽ ላሺልኝ።»

ቀንድ አውጣም እየሳቀች ሄዳ ላሰችው።

እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ልጆቹ እናታቸውን ተከትለው ከማሰሮው ሲወጡ፣ አባትየው ከመስታወቱ ሳይነቃነቅ አያቸውና ደረቱን ነፋ። «አየሽ? እኔ እዚህ ባልቆም ኖሮ እነዚህ ልጆች ይተርፉ ነበር?»

«እውነትህን ነው» አለችው ልጆቿን ወደ ጉያዋ እየሰበሰበች። «ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ እዚያ ባትቆምልኝ ኖሮ አንዳቸውም አይተርፉም ነበር።»

ተረቴ ይኸው፤ የሰማ ሁሉ ከነቤተሰቡ በሰላም ይደር።