ደረጃ የምትወርደው ሳይክል

አንድ ሰው ነበረ፤ አባቱ ሲሞት የቀረችለት አንዲት ጥቁር ሳይክል ብቻ ነበረች።

ቆይ፣ ጥያቄህን ረስቼው አይደለም። «የኔታ፣ ሚስቴን ቀብሬ መጣሁ። ሰዉ አልቅስ ይለኛል፤ እኔ ግን አንዴ ከለቀቅኩት የምሰበር ይመስለኛል። ጥርሴን ነክሼ ብችለው አይሻልም?» ነው ያልከኝ። እንግዲያው ስማኝ።

ይህ ሰው የሚኖረው ተዳፋት ላይ በተሠራች ከተማ ነው። ከቤቱ ወደ ገበያ የሚያወርደው መንገድ የድንጋይ ደረጃ ነው። ተሸክሟት ይውረድ እንዳትለኝ! በዚያ አገር ሳይክል ተሸክሞ ደረጃ የወረደ ወንድ እስኪሞት ይተረብበታል፤ «ዛሬ ደግሞ እሷ ተሳፈረችብህ?» ይሉታል። አባትየው በዚያ ደረጃ እያፏጨ ነበር የሚወርደው። ልጁ ያኔ ከፊት ብረቱ ላይ ተቀምጦ፣ የአባቱ ትንፋሽ ማጅራቱን እያሞቀው አብሮ ይወርድ ነበር። አይ ያ ጊዜ! ድንጋዩ ሁሉ ጥጥ ይመስለው ነበር።

አድጎ ሳይክሏ የእሱ ስትሆን ግን ያው ደረጃ ጠላት ሆነበት። የአባቴ ዕቃ ናት፣ ትሰበርብኛለች ብሎ ስለሚሳሳላት ኮርቻው ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ መሪውን አንቆ፣ ፍሬኑን ጨምድዶ፣ ጥርሱን ነክሶ ይወርዳል። ጓ! ጓ! ጓ! ታች ሲደርስ የጎማው ቸርኬ ተጣሟል። አስጠገነው፤ ተጣመመ። ደግሞ አስጠገነው፤ አሁን የፊቱን ጎማ የሚይዘው ፎርኬታ ተሰነጠቀ። ሳይክል ጠጋኙ በየደለትና፣ «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከተመታች ለቆራሌው ነው የምትሰጣት» አለው። ሰውየው ሳይክሏን እየገፋ ወጣ። አባቱን ሁለተኛ ጊዜ ሊቀብረው ነው።

ቤቱ ሲመለስ እናቱ በሩ ላይ ተቀምጣ ሱሪውን ትጥፍ ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ልጅ፣ የአባትህን ሱሪ ዕድሜ ልኬን የጣፍኩት ጉልበቱ ላይ ነው። ያንተ የሚያልቀው መቀመጫው ነው። ደረጃውን ስትወርድ ኮርቻው ላይ ትቀመጣለህ እንዴ?»

«እንዳትጎዳብኝ ብዬ ነዋ፣ እማዬ።»

«ወይ ልጄ! እሱ እኮ ደረጃው ጋ ሲደርስ ብድግ ይል ነበር።»

በማግስቱ ደረጃው አናት ላይ ደረሰ። ከኮርቻው ብድግ አለ፤ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አድርጎ ቆመባቸው፤ ጉልበቱንና ክርኑን አላላ፤ ወገቡን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጎ የፊቱን ፍሬን ለቀቀ። የፊቱ ጎማ ሲወርድ ክንዱ ተከተለው፤ የኋላው ሲወርድ ጉልበቱ ታጠፈለት። ድንጋዩ መምታቱን አልተወም፤ ምቱ ግን እሱ ሰውነት ውስጥ እየገባ ቀለጠ። መሃል ላይ ሳያስበው አፏጨ፤ የአባቱን ፉጨት። ታች ሲደርስ ሳይክሏ ደህና ናት። እሱ ግን ግድግዳ ተደግፎ፣ አባቱ ሲቀበር ያላወጣውን እንባ ያን ጊዜ አወጣው።

አየህ ልጄ፣ ደረጃው ሐዘንህ ነው፤ ሌላ መንገድ የለህም። ሳይክሏ ልብህ ናት፤ ሚስትህ የተወችልህ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው። አንተ ግን ለቀስተኛውን ከበር እየመለስክ፣ ጥርስህን ነክሰህ፣ ተደላድለህ ተቀምጠህባታል። ጉልበት የሚታጠፈው እኮ ቸርኬው እንዳይጣመም ነው! በል ብድግ በል። ድንኳኑ ገና አልተነቀለም፤ የሚስትህ እህቶች እዚያው ናቸው። ከመሃላቸው ግባና፣ ስትስቅ እንዴት እንደነበረች እያነሣህ አልቅስ።