ሰርተፊኬት ያገኘው አሳ

ተረቴን ስሙኝ፤ ሰምታችሁ ግን ለአለቃ አትንገሩብኝ።

በአንድ ኩሬ ዳር የጫጩቶችን የመዝሙር ቡድን ለዓመታት ያስተማረች እንቁራሪት ነበረች። አንድ ቀን ኤሊ የመዝሙር መምህራንን ሊያሠለጥን መጣ። ከሠልጣኞቹ አንደኛ የወጣው ቡድኑን እንዲመራም ተወሰነ።

«አያ ኤሊ፣ አንዴ እንኳ ሳንዘምር ልንጨርስ ነው እንዴ?» አለች እንቁራሪት።

«እመት እንቁራሪት፣ ሥልጠና ላይ ነን፤ አትረብሺ!» አላት።

በሦስቱ የሥልጠና ቀናት ትንፍሽ ያላለው አሳ «አንዴም አልረበሸም» ተብሎ አንደኛ ወጣ፤ ሰርተፊኬቱንም ቡድኑንም ወሰደ።

በዓል ደርሶ ሊዘምሩ ሲቆሙ፣ ጫጩቶቹ ልክ እንደ አዲሱ መምህራቸው አፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረጉ። አንድም ድምፅ አልተሰማም።

ኤሊ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «አያችሁ! አንድ እንኳ የተሳሳተ የለም!»

እንቁራሪት ሳቋ አመለጣት። በማግስቱ ለተጨማሪ ሥልጠና ተጠራች፤ አሠልጣኙ አሳ ነበር።