ሸለምጥማጥ የዶሮ ሐኪም የሆነ ጊዜ

ዱሮ ነው። ዱሮም ሲባል፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና ያልተወለዱበት ዱሮ። ስሙን ማንም በማያስታውሰው በአንድ አገር ዶሮዎች ብቻቸውን መንደር መሥርተው፣ ጎጆ ቀልሰው፣ እርስ በርስ ተጠያይቀው ይኖሩ ነበር።

ክረምቱ ወጣ፣ አደይ አበባው ጠወለገ፣ የጥቅምት ደረቅ ነፋስ መጣ። ነፋሱ ሲነፍስ የዶሮዎቹ ላባ ይረግፍ ጀመር። አዲስ ነገር አልነበረም፤ በየዓመቱ ይረግፋል፣ በየዓመቱ ይበቅላል። ግን የዶሮ ትዝታ ከጥሬ አይረዝምም። "አለቅን! ራቁታችንን ልንቀር ነው!" እያሉ መንደሩን ቀወጡት።

ጩኸት ደግሞ ጥርስ ላለው ሁሉ ግብዣ ነው። ሸለምጥማጥ ሰማ። በአንድ መዳፉ የቅቤ ቅል፣ በሌላው የኮሶ ዘለላ ይዞ፣ ጅራቱን እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከተፍ አለ።

"እንዴት ከረማችሁ ልጆቼ? ወይ መጎሳቆል!" አለ ምራቁን እየዋጠ። "ይኸ የወቅት ነፋስ ነው። ክረምት ያራሰውን ገላ መፀው ያደርቀዋል። የደረቀ ገላ በቅቤ ይታሻል፣ ትኩስ ነገር ይጠጣበታል፣ በጊዜ ይተኛል።"

ምክሩ ልክ ነበር። ክፋቱም እሱ ነው፤ የቀጣፊ ምክር ከሥሩ ውሸት ቢሆን ኖሮ ማን ይታለል ነበር?

"የባሰባት ደግሞ እኔ በመንደራችሁ ዳር የምቀልሳት ጎጆ ገብታ ኮሶ ጠጥታ ትዋል" ሲል ጨመረ። "በር ይዘጋል። ወጉን ታውቁታላችሁ።"

ወጉንማ ያውቁታል። ኮሶ የጠጣ ሆዱ እስኪጠራ በር ዘግቶ ይውላል፤ እንግዳ አይገባበትም። ገብቶ ያየው ነውረኛ ይባላል።

የመንደሩ አውራ አያ ኩኩሉ ከሁሉ ቀድሞ አናቱን አስቀባ። ቅቤው ሲወርድለት ደስ አለውና አጥር ላይ ወጥቶ "ሐኪም መጣልን!" ብሎ ጮኸ። ምን ያድርግ? አናቱን የቀቡት አለቃ ቅቤው ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ የገባችው ወሰራ ነበረች፤ የመንደሩ ድልብ። ጎረቤቶቿ ሊጠይቋት መጡ።

"ወሰራ እንዴት ዋለች?"

"ኮሶ ጠጥታለች፤ ኮሶ የጠጣ አይጠየቅም" አለ ሸለምጥማጥ በበሩ ስንጥቅ።

"እውነቱን ነው" ብለው ተመለሱ።

በማግስቱ አንድ ክምር ላባ ጠርጎ ደጅ ጣለ። "እዩት፣ አሮጌው ወጣላት! እሷ አዲሱን ልታበቅል ፍል ውሃ ወርዳለች።"

"እሰይ!" አሉ። መንደሩ ሁሉ በላባ ተሞልቶ ሳለ፣ ላባ አይቶ ማን ይጠረጥራል?

ከወሰራ ቀጥላ ነጯ ገባች።

"ነጯ እንዴት ዋለች?"

"ኮሶ ጠጥታለች፤ ኮሶ የጠጣ አይጠየቅም።"

"እውነቱን ነው።"

ላባው ተጠረገ፤ ነጯም ፍል ውሃ ወረደች ተባለ። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላዋ። ፍል ውሃ የወረደ በዛ እንጂ የተመለሰ አልታየም።

በዚያ መንደር እመት ገብስማ የምትባል ከሲታ ዶሮ ነበረች። ከፈለፈለቻቸው ጫጩቶች ሁሉ ጭልፊት የተወላት አንዲት ቄብ ብቻ ነበር፤ ዛጎልማ። የዛጎልማ አንገት ሙልጭ ብሎ የተላጠ ድንች መስሏል።

"እማዬ፣ እኔም ልሂድ።"

"የት?"

"ሐኪሙ ዘንድ ነዋ። አያ ኩኩሉ አንገቴን አይቶ ሳቀብኝ።"

"ይሳቅ! ጥርስ የለው፣ ሳቁ አይነክስሽ። ቅቤ እንደሆነ እኔም ቤት አለ፤ ነይ ልሽሽ። አጥሚት አፈላልሻለሁ፣ ትጠጪና ትተኛለሽ።"

"ያንቺ ቅቤ በስሏል። የሱ ለጋ ነው።"

"የኔ ልጅ፣ የሄደ ሲመለስ አላየሁም። አንዲቷ እንኳ ተመልሳ 'ዳንኩ' ትበለኝ፣ እኔው ራሴ አደርስሻለሁ።"

"አንቺ እኮ ማንንም አታምኚም! ለዚህ ነው ጎረቤት የማይወድሽ።"

እመት ገብስማ የቅቤ ቅሏን ከድና መልሳ አስቀመጠች። ነገሩ እውነት ስለሆነ ዘልቆ ወጋት።

በማግስቱ እናቷ አውድማ ለቀማ ስትወጣ ጠብቃ ዛጎልማ ወደ ሐኪሙ ጎጆ ሄደች። እመት ገብስማ ስትመለስ ቤቱን ባዶ አገኘችው። እየበረረች ሸለምጥማጥ ደጅ ደረሰች።

"ልጄ እንዴት ዋለች?"

"ኮሶ ጠጥታለች፤ ኮሶ የጠጣ አይጠየቅም።"

"እናቷ ነኝ እኮ!"

"እናትስ ብትሆኚ? ልጅሽን ልታዋርጂ ነው? ጎረቤት ምን ይላል?"

ይህቺ ቃል ያዘቻት። እግሯ ወደ በሩ ሊራመድ ሲል ይሉኝታ ጎትቶ አስቀመጣት። እዚያው ደጅ ላይ ኩርምት አለች። ከውስጥ "እማ" የሚል ድምፅ የሰማች መሰላት።

"ምንድነው?"

"ኮሶው ሆዷን ቆርጧት ነው።"

ቆይቶ ድምፁ ጠፋ።

"አሁንስ?"

"ተኛች።"

ጭንቅ የያዛት ዶሮ መሬት ትጭራለች። እመት ገብስማም ደጁ ላይ የተጣለውን ላባ ስትጭር የነጯን የክንፍ ላባ አወጣች። ከራሷ ገላ ያን ጊዜ ረግፎ የወደቀ አንድ ላባ አጠገቡ ነበር። በራሱ የረገፈው ሥሩ እንደ ገለባ ደርቋል። የነጯ ግን ሥሩ ላይ ደም ረግቶበታል፣ ቅንጣት ሥጋም ተንጠልጥሎበታል። ይኸ የተነቀለ እንጂ የረገፈ አይደለም።

"ኧረ የጎረቤት ያለህ!" ስትል ጮኸች። "ሊበላት ነው! ልጄን ሊበላት ነው!"

አያ ኩኩሉ ከነጋሻ ጃግሬው መጣ። "እመት ገብስማ፣ ነውር ነው! ኮሶ የጠጣ በር አይሰበርም!"

"ነውሩን ለኔ ተወው! ነውረኛ ልባል!" ብላ ላባውን ፊቱ ላይ ወረወረችና የገለባውን በር በደረቷ ጣሰችው። ሌሎቹም ከክምሩ አንዳንድ ላባ እያነሡ ሥሩን አዩ። ደም። ደም። ደም። ግልብጥ ብለው ተከትለዋት ገቡ።

ሸለምጥማጥ አፉ በቅቤ ወዝቶ ተቀምጧል። ዛጎልማ አጠገቡ ናት። እንደ ምክሩ ሁሉ ተሟልቶላታል፤ በቅቤ ታሽታለች፣ ተኝታለች። ገላዋም ገና ትኩስ ነበር፤ ትንፋሽ ግን የላትም።

ያን ጊዜ ዶሮዎቹ ዶሮ መሆናቸውን ረሱ። "ኧረ እኔ ሐኪማችሁ! ማን ይቀባችኋል?" እያለ ሲለምን መጀመሪያ ዓይኑን፣ ቀጥሎ የቀረውን ጠቀጠቁት። ነገሩ ካለቀ በኋላ አያ ኩኩሉ አጥር ላይ ወጥቶ "ድል አደረግን!" አለ። ቀና ብሎ ያየው የለም።

ኅዳር ሲያልፍ የሁሉም ላባ በቀለ። ያለ ሐኪም፣ ያለ ኮሶ፣ እንደየዓመቱ። እመት ገብስማም አዲስ ላባ አወጣች፤ "አማረብሽ" አሏት። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ የታመመ ሁሉ በር ዘጋም አልዘጋ ሳታስፈቅድ ትገባበት ጀመር። "ምነው እመት፣ ወግ አታውቂም?" ያላትን ሁሉ አንድ ቃል ትመልስለት ነበር። እሷ ከሞተች ቆየች፤ ቃሏ ግን እኛ ዘንድ ደርሷል፦

ይሉኝታ ደጅ ሲጠብቅ፣ ሞት ጓዳ ገብቶ ይበላል።