ላረጀው ውሻ የተገነፋ ገንፎ

አንድ ንብ አናቢ በሐይቅ ዳር ይኖር ነበር፤ ስሙ ገላው ይባላል። በዚያ አገር ጉም ከሐይቁ ተነሥቶ እስከ ረፋድ ድረስ ዛፉንም ቤቱንም ስለሚውጠው፣ ሰው በገዛ ደጁ መንገድ ይጠፋዋል። አንድ ጊዜ ገላው ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ቢጮህ የሚሰማው አልነበረም። ደመና የሚባለው ውሻው ግን በጉሙ ውስጥ መንደር ድረስ ሮጦ ሰው አስከትሎ መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ገላው፣ “የዚህን ውሻ ውለታ በምን እመልሳለሁ?” እያለ ያስብ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ደመና አረጀ፤ ጥርሱ ረገፈ፤ አጥንት መቆርጠም አቃተው። ገላው ውለታ የምመልስበት ጊዜ ደረሰ ብሎ፣ ለክብር እንግዳ እንደሚሠራው የአጃ ገንፎ አገነፋለት። መሐሉን ጎድጎድ አድርጎ ቅቤና በርበሬ ሞላበት፤ ዙሪያውን ነጭ ማር አፈሰሰበት፤ ከነትኩሳቱም አቀረበለት። ደመና ቀና ብሎ ጌታውን አየውና በላ። በማግስቱም በላ። በሦስተኛው ቀን ያስመልሰው፣ ያስቀምጠውም ጀመር። ገላው ግን፣ “አቅም አንሶት ነው” ብሎ ቅቤውን ጨመረ።

አንድ ማለዳ ደመና ከቤት ጠፋ። ገላው ስሙን እየተጣራ ጉሙ ውስጥ ገባ። ድምፁ ከሐይቁ ላይ ሲመለስ የሌላ ሰው ጥሪ ይመስለዋል፤ እግሩም መሬት የረገጠ አይመስለውም፤ በሕልሙ የሚሄድ ይመስለው ነበር። ጉሙ ሳሳ ሲል ከአንዲት ጎጆ ደጃፍ ራሱን አገኘው። እንስሳት በማከም የታወቁት እማማ አስካለ ተቀምጠዋል፤ ደመና እግራቸው ሥር ተኝቷል። እማማ በውሃ ብቻ በደንብ የበሰለ አጃ በጣታቸው እየነኩ እስኪበርድ ጠበቁና፣ ሁለት ማንኪያ ያህል ቅጠል ላይ አደረጉለት። ደመና ቀስ ብሎ ላሰው።

“እማማ፣ ይኼ እኮ ባዶ ነው! ጨው እንኳ የለውም” አለ ገላው።

“ባዶ የሆነው ለአንተ ነው ልጄ። ለእሱ ሆድ ልኩ ይኸው ነው። ይኼም ቢሆን ከለመደው ምግብ ጋር፣ በጥቂቱ ነው።”

“እኔ ግን ያለኝን ምርጡን፣ ቅቤውን፣ በርበሬውንና ማሩን ነው የሰጠሁት። አንድ ቀንም እምቢ ብሎኝ አያውቅም።”

እማማ የውሻውን ጆሮ ዳበስ አደረጉ። “አንተን እምቢ ማለት መቼ ያውቅበታል? ስትሰጠው ደስ ሲልህ አየና በላልህ። ሆዱን ማቃጠሉን ማን ጠየቀው?”

ገላው መሬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

ደመናን ታቅፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አጃውን በውሃ ብቻ እየቀቀለ፣ እያበረደ፣ ከለመደው ምግብ ጋር ቆንጠር እያደረገ ይሰጠው ጀመር። ወር ሳይሞላ ደመና አገግሞ እንደ ልቡ መሄድ ጀመረ፤ ሁለት ክረምትም አብረው ኖሩ።

ወዳጆቼ፣ ብዙ ጊዜ ለምንወደው የምንሰጠው እኛ የሚጥመንን ነው። እሱም እንዳይከፋን ብሎ ይቀበላል፤ እኛም ዝምታውን እንደ ምስጋና እንቆጥረዋለን። ከመስጠት በፊት የተቀባዩን ሆድ ማወቅ ይቀድማል። ለመሆኑ በእናንተ ቤት፣ እየጎዳው ዝም ብሎ የሚበላላችሁ ማን አለ?